የአንድ ዛፍ ከተማ

ማሊሃባድን ከማየቴ በፊት ስሟን የሰማሁት ከጋሪ ገፊ አፍ ነው። ለትምህርት ዴልሂ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ሰኔ በገባ ቁጥር በተከራየሁት ክፍል ሥር ባለችው ጠባብ መንገድ አንድ ሰው ጋሪውን እየገፋ «ማሊሃባዲ! ዳሼሪ ማሊሃባዲ!» እያለ ያልፋል። ሰኔ ለእኛ የክረምት በር ነው። ለዴልሂ ግን እሳት ነው፤ ከምሳ በኋላ መስኮት የሚከፍት፣ ደጅ የሚወጣ የለም። የሰውየው ድምፅ ብቻ ባዶው መንገድ ላይ ይመላለሳል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ወረድኩና አንድ ኪሎ ገዛሁ።

ማንጎ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የአሶሳውንም የአርባ ምንጩንም እየበላሁ ነው ያደግኩት፤ ክሩ በጥርስ መሃል ቀርቶ እስከ ማታ ምላስ የሚያደክመውን። ይሄኛው ሌላ ነው። ከመዳፍ አያልፍም፣ ሞላላ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው፣ መልኩ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሊሻገር መንገድ ላይ ያለ። ሰውየው አበላሉን በእጁ አሳየኝ፦ በሁለት መዳፍ መሃል ቀስ አድርጎ ማሸት፣ በእንጨቱ በኩል ያለውን ጫፍ ነክሶ የመጀመሪያዋን ጠብታ መድፋት፣ ከዚያ መምጠጥ። ክር የሚባል የለውም። ሽታው ከጣዕሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጣዕሙ ካለፈም በኋላ ሽታው ጣት ላይ ያድራል። እዚያው መንገድ ላይ እንደቆምኩ ሦስት ጨረስኩ። ማታ ካርታ ከፍቼ ከተማዋን ፈለግኳት። ከላክናው በስተሰሜን ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኡታር ፕራዴሽ ሰፊ ሜዳ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ናት።

ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ባስረከብኩ በሳምንቱ የላክናው ልጅ የሆነች የክፍል ጓደኛዬ፣ «የእናቴ ዘመዶች እዚያ የማንጎ አጸድ አላቸው። ከሄድሽ አሁን ሂጂ፤ ዝናቡ ከገባ ዳሼሪ አበቃ» አለችኝ። በማግሥቱ ማታ በሌሊት ባቡር ተሳፈርኩ።

ላክናው ስደርስ ነግቷል። ወደ ሃርዶይ በሚወስደው መንገድ ያሳፈረችኝ ባለሦስት እግር፣ እኛ አገር ባጃጅ ብለን እንደ ቤተሰብ የለመድናት ናት፤ ከዚሁ አገር ነው የመጣችልን። ሰውን ከነቅርጫቱ አጭቃ ትበራለች። በመንገዱ እኩሌታ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በጣታቸው ወደ ሐዲዱ እያመለከቱ «ካኮሪ» አሉኝ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ። ለህንዶች መጨመር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1925 ለነፃነት የሚታገሉ ወጣቶች ወደ ላክናው የሚሄደውን ባቡር እዚህ አስቁመው የእንግሊዝ መንግሥትን ገንዘብ ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ አራቱ ተሰቀሉ። ከአራቱ መካከል ራም ፕራሳድ ቢስሚል ሂንዱ፣ አሽፋቁላ ካን ሙስሊም ነበሩ፤ ሁለቱም ገጣሚዎች፣ ሁለቱም ጓደኛሞች፤ በአንድ ቀን፣ በተለያየ እስር ቤት አንገታቸው ገመድ ገባ። ሽማግሌው ሐዲዱ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ዞረው ሲያዩ ነበር።

ከካኮሪ በኋላ ሰማዩ ጠፋ። ግራና ቀኝ የማንጎ ዛፍ ነው፤ ከኋላው ሌላ ማንጎ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለው መንገዱን ሊነኩ ይደርሳሉ። ሙቀቱም ወዲያው ቀነሰ፤ ከእሳት ዳር ተነስቶ እልፍኝ እንደመግባት ነው። ከየዛፉ ግንድ በጉልበት ከፍታ ላይ የላስቲክ ቀበቶ ተጠምጥሟል፣ በላዩ ላይ ግራሶ ተቀብቷል። መጀመሪያ ለስእለት የታሰረ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት የተባይ አጥር ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል አንዲት ተባይ በብርድ ወራት ከአፈር ወጥታ ወደ አበባው ስትሳብ እዚያ ላይ ተንሸራታ ትመለሳለች።

ከተማዋ ትንሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 20 ሺህ አይሞላም ነበር። አንድ ዋና መንገድ፣ የባቡር ጣቢያ፣ መስጊዶችና ቤተ መቅደሶች፣ ጠጅ ሳር የመሰለ ቀለም ያላቸው ያረጁ የመኳንንት ቤቶች። ሌላ ጊዜ ብመጣ ምናልባት አልፌያት እሄድ ነበር። በዳሼሪ ወር ግን ከተማው ሁሉ ሚስማር ይመታል። በየበሩ፣ በየጥላው ሥር ወንዶችና ልጆች የጣውላ ሣጥን ይገጥማሉ፤ ኳ ኳ ኳ ከማለዳ እስከ ምሽት። ሣጥኑ ውስጥ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ማንጎው በረድፍ ይደረደራል፣ ክዳኑ ይመታል፤ ከዚያም ጭነት መኪና ላይ። ገበያው «ማንዲ» ይባላል። ህንድ ከዓለም ማንጎ 40 በመቶ ገደማውን የምታመርት አገር ናት፤ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ፣ ክምሩ መሃል፣ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ ሳጣ ነው። የገበያው ጩኸት መሃል አንድ ቃል ደጋግሞ ጆሮዬ ገባ፦ «ደላል»። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ደላላ የእኛም ነው፤ ከአንድ ምንጭ፣ ከዓረብኛ ነው ሁለታችንም የወሰድነው፤ ሥራውም ያው ነው።

የጓደኛዬ ዘመዶች ቤት ከአጸዱ አይለይም። የቤቱ ጌታ ሰባውን ያለፉ፣ ነጭ ጢማቸው በሥርዓት የተከረከመ ሰው ናቸው። ገና ከደጅ ሲያዩኝ «ቤቲ» ብለው ጠሩኝ። ደነገጥኩ። በእኛ አገር ቤተልሔሞችና ኤልሳቤጦች ናቸው ቤቲ የሚባሉት፤ እዚያ ግን ልጅ የሆነች ሁሉ ቤቲ ናት፤ «ልጄ» ማለት ነው። እኔም «ቻቻ» አልኳቸው፤ የአባት ወንድም ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ከዚያ በኋላ እንግድነት ቀረ። የላክናው ወገን በጨዋነቱ የታወቀ ነው፤ በር ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ «ፔህሌ አፕ» ይባባላል፣ «እርስዎ ይቅደሙ»። ቻቻ የልጅ ልጃቸውን፣ ገና የስምንት ዓመቱን ልጅ፣ በአንቱታ ነው የሚያናግሩት። በአማርኛ ላደገ ሰው ይህን መስማት ምን ያህል ልብ እንደሚያሞቅ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ላክናው የምትማረዋ የልጅ ልጃቸው ወደ ኡርዱ መለሰችልኝና ቻቻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

መጀመሪያ የቀረበልኝ የበሰለ ማንጎ አልነበረም። ጥሬው ማንጎ በፍም ይጠበሳል፣ ሥጋው ተልጦ በውሃ ይበጠበጣል፣ የተቆላ ከሙን፣ ናናና ጥቁር ጨው ይገባበታል። «አም ፓና» ይሉታል። «ሉ» የሚባለውን የበጋ ትኩስ ነፋስ የሚመልስ መድኃኒት ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ላቤ ደረቀ። ከዚያ ባልዲ መጣ። ባልዲው ውሃ ሞልቶ ዳሼሪ ተነክሮበታል። ማንጎ በባሕርዩ ሙቀት አለው ይላሉ፤ ውሃው ውስጥ ካልበረደ ሆድ ያስቆጣል። ገመድ ከተጠለፈበት አልጋ ላይ ተቀምጠን (ገመዱ በቆዳ ቢለወጥ የእኛው ጠፍር አልጋ ነው) ባልዲውን ከበብነው። ሳህን የለም፣ ቢላ የለም። ቻቻ ለእኔ የሚሰጡትን አንድ በአንድ ከውሃው እያወጡ በአፍንጫቸው ይመርጣሉ።

እዚያ ነው ሦስቱን ቃላት የተማርኩት። ጥሬውን ለቅመው ጭድ ውስጥ ቀብረው ያበሰሉት «ፓል» ይባላል። ከቅርንጫፉ ላይ እያለ የበሰለው «ዳል» ነው። ከሁሉም በላይ ያለው ግን ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ በስሎ በራሱ ክብደት የወደቀው ነው። ስሙ «ታፕካ»። ቃሉ በእነሱ ቋንቋ ከመንጠባጠብ የመጣ ነው። ላክናው የምትማረዋ ልጅ ስታስረዳኝ «ውሃ ከጣሪያ ሲወርድ የሚያሰማው ነገር» አለችኝና እኔ «ጠብ» አልኩ። «ታፕ» አለች እሷ። «ጠብ» አልኩ ደግሜ። ታፕካ፣ ጠብ ያለ። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንዱን ድምፅ እኩል ሰምተውታል። ቻቻ ቃሉን ከእኔ ተቀብለው ጠዋት ማታ «ጠብ፣ ጠብ» ሲሉ ሰነበቱ።

ታፕካ ገበያ አይወጣም። ወድቆ ስለሚሰነጠቅ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም። ስለዚህ የማሊሃባድን ምርጥ ማንጎ የሚበላው ማሊሃባድ ያደረ ሰው ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዳሼሪ ወደምትባለው መንደር ወሰዱኝ። ወደ ካኮሪ በኩል ናት፤ የማንጎው ስም የመንደሯ ስም ነው። እዚያ እናትየዋ ዛፍ አለች። ዕድሜዋን የመንደሩ ሰው ከ200 እስከ 300 ዓመት ያደርሰዋል። ከሩቅ ስትታይ ዛፍ ሳይሆን ኮረብታ ትመስላለች፤ ጥላዋ ሥር ሰርግ ይደገሳል። ግንዷን ነካሁት። ሻካራ ነው፣ ጉንዳን ይመላለስበታል፣ ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ ሙጫ ፈስሶ ደርቋል፤ ከዚያው ስንጥቅ ጎን የጣት ያህል አዲስ ቡቃያ፣ ቅጠሉ ገና መዳብ የመሰለ፣ ብቅ ብሏል። አሁንም ታፈራለች።

ስለ ዛፏ የሚተረክ ታሪክ አለ። ባለቤቶቹ መሳፍንት በፍሬ ወራት ዙሪያዋን መረብ ያለብሷት ነበር ይባላል፤ ለወዳጅ ፍሬ ሲሰጡም ሌላ ሰው እንዳይተክለው ፍሬውን እስከ ዘሩ በስተው ነበር የሚሰጡት። ታሪኩን ሰምቼ ስመለስ ቻቻ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ስለ ማሊሃባድ ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። ዘሩን መብሳት አያስፈልግም ነበር። ዳሼሪ በዘር አይወረስም። ፍሬውን ብትተክል ማንጎ ይበቅላል፣ ግን እናቱን አይሆንም፤ አንዳንዴ ይጎመዝዛል፣ አንዳንዴ ክር ይሞላዋል። ዳሼሪ የሚገኘው ከዳሼሪ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ በማጣበቅ ብቻ ነው። ያ ቅርንጫፍ አድጎ ሌላ ቅርንጫፍ ይሰጣል፤ ያም ሌላ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሰማዩን ያጠፉብኝ እልፍ አእላፍ የዳሼሪ ዛፎች፣ ዴልሂ ጋሪ ላይ የተጫነውም ፍሬ፣ ሁሉም የዚያች የአንዲት ዛፍ አካል ናቸው። ልጆቿ አይደሉም፤ ራሷ ናት። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ስትተላለፍ የኖረች፣ አንድም ትውልድ እጁን ቢያጥፍ ኖሮ እዚያችው መንደር የምትቀር ዛፍ።

ሥራውን ካላየሁ አልሄድም አልኩ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አንድ «ማሊ» (አትክልተኛ ማለት ነው) መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ነበር። ቅርንጫፏ የእርሳስ ውፍረት አላት፤ ቅጠሏን ከሳምንት በፊት ገፈውላት ጫፏ ላይ ያለው እምቡጥ አብጧል፣ ሊፈነዳ ደርሷል። ሰውየው ቢላቸውን በአውራ ጣታቸው ፈተኑ። ቅርንጫፏን በሁለት ወገን ቀርጸው እንደ ሽብልቅ አሾሏት። የችግኙን ራስ ቆረጡ፣ መሃሉን ሰነጠቁ፣ ሽብልቁን አስገቡ። የአንዱ ልጥ ከሌላው ልጥ ጋር ገጥሞ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ በጣታቸው ጫፍ አስተካከሉት። ከዚያ በስስ ላስቲክ ከታች ወደ ላይ ጠቀለሉት፣ ልክ የተሰበረ ጣት እንደሚጠቀለለው። ይህ ሁሉ ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ እስኪቀዳ ያህል እንኳ አልፈጀም። ቁስልን ከቁስል ጋር ማጋጠም ነው ሥራው፤ ሁለቱ ሲድኑ አንድ ይሆናሉ። ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው። አባቴ አሉ። አባታቸውንስ? በእጃቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አሉ።

በዚህ ጥበብ ስሙ ባሕር የተሻገረ ሰው እዚያው ከተማ አለ፤ ሐጂ ካሊሙላህ ካን። ትምህርታቸውን በልጅነት ትተው ወደ አጸድ የገቡ ናቸው። በአንድ ያረጀ ዛፍ ላይ ከ300 በላይ የማንጎ ዓይነት አጣብቀዋል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2008 ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የመንግሥት ሽልማት ተቀብለዋል። ካገኟቸው አዳዲስ ዓይነቶች አንዱን በክሪኬት ተጫዋቹ በሳቺን ቴንዱልካር፣ ሌላውን በፊልም ተዋናይቷ በአይሽዋሪያ ስም ሰይመዋል። ዛፉን ሄጄ አየሁት። ከሥሩ ቆሞ ሽቅብ ሲያዩት ቅጠሉ እንኳ አንድ አይደለም፤ ወፍራም አረንጓዴ አለ፣ ወይራ የመሰለ አለ፣ ረጅም፣ ጠባብ፣ የተጠቀለለ። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ድቡልቡል ፍሬ፣ እጄን ዘርግቼ የምነካው ሌላው ላይ የኩላሊት ቅርጽ ያለው። አንድ ግንድ ውሃ ይስባል፣ ሦስት መቶው ይጠጣል።

የዚህች ከተማ ብዙ ሰዎች አባቶች ማንጎ ተካዮች ሆነው አልመጡም። አፍሪዲ የሚባሉ ፓታኖች ናቸው፤ ከኻይበር ተራሮች በፈረስና በጎራዴ የመጡ ወታደሮች። ቻቻም ከእነሱ ወገን ናቸው። ከዚሁ ወገን እ.ኤ.አ. በ1898 የተወለደ አንድ ልጅ ከኡርዱ ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ ሆነ፤ የከተማውን ስም የብዕር ስሙ አድርጎ ጆሽ ማሊሃባዲ ተባለ፤ «የአብዮት ባለቅኔ» ይሉታል። ኋላ ወደ ፓኪስታን ሄደ፣ በዚያው ኖሮ በዚያው ሞተ። ለማሊሃባድ የጻፈው የስንብት ግጥም አለ። ቻቻ ግጥሙን በቃላቸው ያውቁታል፤ አንድ ምሽት ሲሉት ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ትርጉሙን አልጠየቅኩም። አገሩን ትቶ የሄደ ሰው ከአገር ይልቅ የአንድ ሰፈር ዛፍ እንደሚናፍቅ ከአገሬ ርቄ የማውቀው ነገር ነው።

ስጋትም አለ። ዳሼሪ አንድ ዓመት አብዝታ ትሰጣለች፣ በሚቀጥለው ታርፋለች። ብዙ ባለ አጸዶች ፍሬውን ገና አበባ ሳለ ለነጋዴ ይሸጡታል፤ ከዚያ በኋላ በረዶ ቢመታው፣ «አንዲ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል ጥሬውን ቢያረግፈው ኪሳራው የነጋዴው ነው። ያም ሆኖ ሁሉም ማንጎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብሮ ስለሚበስል ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል። ላክናው ደግሞ እየሰፋች ነው። ቤት ሲሠራ ጡብ ያስፈልጋል፣ ጡብ ምድጃ ይፈልጋል፣ የምድጃው ጭስ አጸዱ ላይ ሲወርድ የማንጎው ጫፍ ይጠቁራል። ቻቻ እንዲህ ያለውን ፍሬ አንስተው አሳዩኝ፤ ከላይ ወርቅ ነው፣ ከታች ከሰል። አልጣሉትም፤ መልሰው ዛፉ ሥር አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 የማሊሃባድ ዳሼሪ ስሙ በሕግ ተመዝግቦ ሌላ አካባቢ እንዳይጠቀምበት ተደርጓል። ደስ ይላል። ግን ስሙን የሚጠብቀው ሕግ አየሩንም እንዲጠብቅለት ከልቤ እመኛለሁ።

የመጨረሻዋን ሌሊት ውጪ ለማደር ጠየቅኩ። በዳሼሪ ወር ጠባቂዎች የሚያድሩት ዛፉ ሥር ነው፤ እኛ በማሽላ ወራት ማማ ላይ እንደምናድረው። የገመድ አልጋ ወጣልኝ። ቻቻ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብለው በራሳቸው አልጋ ጋደም አሉ፤ የስምንት ዓመቱ ልጅ የእጅ ባትሪ ታቅፎ ከእግራቸው ሥር ተጠቀለለ። ሥራው አለው፤ የወደቀውን ቀበሮ ሳይቀድመው ማንሳት። ነፋስ የለም። ሽታው ከላይ ይወርዳል፣ ከመሬትም ይወጣል።

ጠብ።

ልጁ ተፈናጥሮ ተነሳ፤ መብራቱ በግንዶቹ መሃል እየዘለለ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በስተግራ ጠብ። ከዚያ ሩቅ ሌላ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ጠብ፣ ጠብ፣ ወዲያው ደግሞ ጠብ ጠብ ጠብ፤ ይህን ያህል ማንጎ በአንድ ጊዜ እንዴት ይወድቃል ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ግንባሬ ላይ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ አረፈች።

«ቤቲ» አሉኝ ቻቻ ከጨለማው ውስጥ፣ ድምፃቸው ቀስ ብሎ። «አልጋሽን አንሺ።»

አልጋችንን ተሸክመን ሰገነቱ ሥር ስንገባ ልጁ ገና አልተመለሰም ነበር። ቆመን ጠበቅነው። ከዝናቡ ውስጥ ሲወጣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል፤ ባትሪውን በአፉ ይዞ፣ በሁለት እጁ ሁለት ሁለት ዳሼሪ።